ፈተና የጠበቀ መርዶ

እኛ አገር ሞት ፊት ለፊት አይነገርም። ይህን የምለው ለመኩራትም ለማፈርም አይደለም፤ እንጀራዬ ስለሆነ ነው የማውቀው። ማሬ እባላለሁ። ጎንደር ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል የአዋቂዎች ክፍል ነርስ ሆኜ ጠጉሬ ሸብቷል። የበሽተኛ ትንፋሽ ሲቆም፣ በር ላይ የምትጠብቅ እናቱ «እንዴት አደረልኝ፣ ሲስተር?» ብትለኝ፣ «ትንሽ ደከም ብሎታል፤ ሐኪሞች አብረውት ናቸው። ከማን ጋር መጣሽ? ወንድም የለሽም?» እላታለሁ። ይህን እያልሁ ዓይኔ ከዘመዶቿ መካከል ጠና ያለውን ወንድ ይፈልጋል። እሱን ወደ ጥግ ወስጄ እጁን ያዝ ሳደርገው ይገባዋል። እሷን «ሌላ ክፍል አዛውረውታል፣ ዛሬ ሰው አያስገቡም» ብለው ወደ ቤቷ ይወስዷታል። ሲነጋጋ ሽማግሌዎች በሯን ያንኳኳሉ። መርዶ ማለት ይህ ነው፤ በገዛ ቤት፣ በሰው ተከቦ፣ በማለዳ። ኮሪደር ላይ ብቻዋን የቆመች እናት ላይ ሞት የሚወረውር ሰው እኛ ዘንድ አረመኔ ይባላል፤ እኔም እለዋለሁ።

ይህን ለእስከዳር ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ከኮሌጅ ወጥታ እኛ ክፍል ስትመደብ መርፌ መውጋቱን ታውቅ ነበር፤ ሰው መያዙን ግን ከእኔ ተማረች። ልጅቱ የወገራ ገበሬ ልጅ ናት፤ መንደራቸው ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ደጋው ጫፍ ላይ ነው። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ከእናቷ ከእትዬ ሸዋአየሁ ጋር ፀዳ በሚባለው የከተማው ዳር ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። አንድ ታላቅ ወንድም አላት፤ ሰጠኝ ይባላል። እትዬ ሸዋአየሁ ከእሱ በፊት የወለደቻቸው ወንዶች ሁሉ አልበረከቱላትም ነበርና ሰጠኝ አለችው፤ ስመ ክርስትናውንም ክፉ ሰው እንዳይደግምበት ብላ ከካህኑና ከራሷ በቀር ከሰው ሁሉ ሰወረችው። እህቱ እንኳ አታውቀውም። ሰጠኝ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ መተማ ቆላ ወረደ፤ ወባ እየጣለው እየተነሣ፣ በሰሊጥ እርሻ ትራክተር እየነዳ እስከዳርን አስተማረ።

ስለዚህ እስከዳር ውጭ አገር ሄጄ ልሥራ ስትል የፈረንጅ አገር አምሯት አይደለም። «ሰጠኝን ከዚያ እሳት ላወጣው ነው» ትል ነበር። የእንግሊዝ አገር የነርስነት ፈቃድ ግን መንገዱ እንደ ሊማሊሞ ጠመዝማዛ ነው። የተማርሽበት ይመስክር ይባላል፤ የሠራሽበት ይመስክር ይባላል፤ ፖሊስም ይመስክር ይባላል። እስከዳር ይህን ሁሉ አለፈች። በኮምፒውተር የሚሰጠውንም የሙያ ፈተና አዲስ አበባ ወርዳ አለፈች። የቀራት ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ ነበር። ማንበቡን፣ መስማቱን፣ መጻፉን አሳመረችው። መናገሩ ላይ ወደቀች።

የመናገሩ ፈተና እንደ ቴአትር ያለ ነገር ነው። ፈታኟ በሽተኛ ወይም አስታማሚ ትሆናለች፤ ነርሷ የደረሳትን ካርድ አንብባ ታነጋግራታለች። የእስከዳር ካርድ «የዚህች ሴት ልጅ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሞቷል፤ ንገሪያት» የሚል ነበር። እስከዳርም ባማረ እንግሊዝኛ፣ «ልጅዎ ትንሽ ደክሞታል፤ ሐኪሞች አብረውት ናቸው። ከማን ጋር መጡ? ወንድም የለዎትም?» አለቻት። ፈታኟ «ልጄ ደኅና ነው?» አለች። «ውሃ ይጠጡ» አለቻት። «በሕይወት አለ ወይ?» ብትላት፣ «እስቲ አጎቱን ይጥሩልኝ» አለቻት። ልጁ ሳይሞት ሰዓቱ አለቀ።

ስትነግረኝ በሳቅ ፈረስሁ። «ከሞት አድነሽው ነው እንዴ የጣሉሽ? ሊያመሰግኑሽ ሲገባ!» አልኋት። እሷ አልሳቀችም። የቀጠራት የእንግሊዝ ሆስፒታል እስከ ኅዳር ካላለፈች ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነግሯታል። ኅዳር ላይ ደግማ ለመፈተን ተመዘገበች፤ ይህ የመጨረሻዋ ዕድል ነበር።

ነሐሴ ላይ እትዬ ሸዋአየሁ ፍልሰታን ልትጾም ወደ መንደሯ ወጣች። ስትመለስ በቀጥታ ፀዳ አልገባችም፤ ፒያሳ ላይ ከመኪና ወርዳ በእግሯ እኔ ቤት መጣች። በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ነጠላዋን ነው፤ ጥለቱ ወደ ላይ ተዘቅዝቋል። ሰው ሞቶባታል ማለት ነው፤ እጇን ይዤ አስገባኋት።

«ሰጠኝን ወባ በላብኝ» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ። «ጎርፉ መንገዱን ቆርጦት ሐኪም ቤት ሳያደርሱት። እዚያው ቆላ ቀበሩት። አያ ባዬ ከሽማግሎች ጋር ሆኖ ነገረኝ።»

አያ ባዬ ታላቅ ወንድሟ ነው። ከዚያ ድምፃችንን ዋጥ አድርገን አለቀስን፤ ግድግዳው ስስ ነው። ካለቀስን በኋላ እትዬ ሸዋአየሁ ዓይኗን ጠረገች፤ ነጠላዋንም አውልቃ ጥለቱን ወደ ታች ገልብጣ ለበሰችው።

«እስከዳር እንዳትሰማ» አለችኝ። «ፈተናዋ እስኪያልፍ።»

«እስከ ኅዳር ድረስ? እትዬ ሸዋአየሁ፣ ይቻልሻል?»

«ምነው አይቻለኝ? እሱ ነው ያስተማራት። እሷ ከወደቀች ልጄ ሁለት ጊዜ ሞተ ማለት አይደለም?»

ፈተና ያለበትን ሰው መርዶ አለመንገር እኛ ዘንድ እንደ ሕግ ነው። የአባቱን ሞት የማትሪክ ፈተናውን ጨርሶ ከአዳራሹ ሲወጣ የሰማ ልጅ አውቃለሁ፤ አድጎ ሐኪም ሆነ። እትዬ ሸዋአየሁ ቤቷ ገባች፤ የፊቷን መገርጣት የጾም ነው አለች፤ እስከዳርም አመነቻት።

ነገሩን ያልሰማ ሰው አልነበረም፣ ከእስከዳር በቀር። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። የሠፈር ሴቶች ሲስሟት ጉንጫቸውን ከጉንጯ ቶሎ አያነሡም። ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት የምትሠራው ወለላ፣ ከሰው ጋር ካልተጣላች የማይነጋላት ሴት፣ ዕቃ ከእጇ እየተቀበለች «አንቺ አረፍ በይ» ትላታለች። እኔ ራሴ፣ ቁጣዬ እስከ ዘበኞቹ ድረስ የታወቀው፣ ስታረፍድ ዝም አልኋት። ቤታቸው ስሄድ እትዬ ሸዋአየሁን ማድቤት ውስጥ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አገኛታለሁ፤ የእስከዳር እግር ኮቴ ከግቢው ሲሰማ ገልብጣ ታስተካክለዋለች። እጇ ከመልመዱ የተነሣ ሳታየው ነበር የምታደርገው።

የባሰው ሰላምታው ነው። ቆላ ኔትወርክ ስለሌለ ሰጠኝ ድሮም ሲመቸው ብቻ ነበር የሚደውል። በመካከል ሰላምታ የሚያመላልስላቸው ጎረቤታቸው ሐምዛ ነው፤ በመተማ መንገድ አይሱዙ የሚነዳ፣ ዓይነ አፋር ሰው። እስከዳር ሐምዛ በተመለሰ ቁጥር በሩ ላይ ትጠብቀዋለች።

«ሰጠኝን አገኘኸው?»

«አግኝቸዋለሁ። ሰላም በልልኝ ብሏል።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ሰሊጡ ዘንድሮ ሸጋ ነው አለ። አጥኚ አለ።»

አንድ ቀን አጎበር ገዝታ ሰጠችው፤ ወባ እንዳይነድፈው ለሰጠኝ አድርስልኝ ብላ። ሐምዛ አጎበሩን ተቀብሎ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣ። «ሲስተር፣ ይህን የት ላድርሰው?» አለኝ። «መኪናው ውስጥ አኑረው» አልሁት።

«ከሙት አፍ ቃል መፍጠር አቃተኝ» አለ። «ከገንዳ ውኃ ከተማ ሳልፍ ጀምሮ አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኛል።»

«ታዲያ ምን ይልሃል?» አልሁት፣ ለማሳቅ።

«ምንም አይል። እህቱ ምን ብላ እንደላከች እስክነግረው ይጠብቃል።»



አርባው ከመስቀል በፊት ዋለ። እትዬ ሸዋአየሁ እስከዳርን ይዣት እወጣለሁ አለች። አበድሽ ወይ አልኋት። «እህቱ ሳትቀምሰው ምኑን ተዝካር ሆነው?» ብላ ተቆጣችኝ። ሰው ሁሉ ቃሉን እንዲጠብቅ አያ ባዬ ከቤት ቤት ዞሮ አስጠነቀቀ። እስከዳር የአያ ባዬ ባልንጀራ ተዝካር ነው ተባለች። እኔ ከጎኗ እንዳልለይ ታዘዝሁ።

የዚያን ዕለት ደጋው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ከመኪና ወርደን በገብሱ መካከል በእግር ስንሄድ፣ ከፊታችን ሰው ብቅ ይላል፣ እስከዳርን ያያታል፣ እጅ ይነሣና ተመልሶ ጉሙ ውስጥ ይገባል። ጮክ ብሎ ሰላም ያለን አልነበረም። ዳሱ ውስጥ ሰው ጢም ብሏል። እስከዳር ስትገባ ጠላ ያነሣ እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ፤ ከዚያ ሽማግሌ ሳይቀር ሁሉም ተነሣላት።

«ኧረ በሞቴ ተቀመጡ! ምነው ለእኔ ትነሣላችሁ?» አለች እየሳቀች። በሞቴ ስትል አንዲት አሮጊት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ካህናቱ ጸሎቱን ሲያደርሱ ሟቹን በስመ ክርስትናው ጠሩት፤ ተክለ ሚካኤል አሉ። እስከዳር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ሽማግሌ ነበር?»

«አይ፣ ወጣት ነው» አልኋት፤ ውሸት አላልሁም።

«ልጆች አሉት?»

«የሉትም።»

«እናቱስ በሕይወት አለች?»

እትዬ ሸዋአየሁ ከማዶ፣ ከሴቶቹ መካከል፣ ወጡን እየጨለፈች ነበር። «አለች» አልኋት።

«እግዜር ያጥናት» አለች እስከዳር። ከዚያ፣ ደግ ልጅ ናትና፣ ከፍ አድርጋ «ነፍሱን ይማር» አለች። ዳሱ ሙሉ ሰው ቃሏን ተቀብሎ «ይማር!» አለ፤ እንዲህ በአንድ ድምፅ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ደነገጠች። ቢሆንም ርቧት ነበርና በላች። እናቷ ከማዶ እያንዳንዷን ጉርሻ በዓይኗ ትከተል ነበር፤ ጠግባ እጇን ስትታጠብ ብቻ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ መልስ እስከዳር ትከሳ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ የነርሶችን ክፍል በር ዘግታ ፊቴ ቆመች።

«ማሬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምን በሽታ ነው ያለብኝ?»

«ምን ትያለሽ?»

«ሰው ሁሉ እኛ የሚሞት በሽተኛን እንደምናደርገው ነው የሚያደርገኝ። ይሥቅልኛል፣ ያጎርሰኛል፣ ዓይኔን ግን አያይም። ይህን አያያዝ ከአንቺ ነው የተማርሁት፤ አይጠፋኝም። ደሜን ተመረመርሁ፣ ንጹሕ ነው አሉኝ። እኛም ለበሽተኛ እንዲሁ ነው የምንል።» ድምፅዋ ወረደ። «አንዳንዴ መንገድ ላይ ሲያዩኝ፣ ሞቼ ያልተነገረኝ ይመስለኛል።»

«ፈተናው አዞረብሽ! ሂጂ ተኝተሽ እንቅልፍሽን ጥገቢ» ብዬ ጮህሁባት። ስጮህባት ጊዜ ትንሽ ተረጋጋች፤ ለሚሞት ሰው አይጮህማ። በዕድሜዬ ብዙ በሽተኛ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አመድ አመድ ብሎኝ አያውቅም።

ልምምዱን የጀመርነው ጥቅምት ላይ ነው፤ ከሥራ መልስ፣ እነሱ ቤት። ለፈተናው ስል የአስታማሚዋን ቦታ ያዝሁ፤ ማለትም ልጇ የሞተባት እናት እኔ ሆንሁ። መጀመሪያ አሻፈረኝ ብዬ ነበር፤ ሳይሞት ሞተ ማለት ሟርት ነው። በኋላ መላ አገኘን፤ ልጁን ፒተር አልነው። በመላው ፀዳ ፒተር የሚባል ስለሌለ ማንንም አንጎዳም አልን። ፒተርን ስንገድለው ከረምን።

ማለት፣ ለመግደል ስንሞክር። በስልኳ የምትከታተላት አስተማሪ አረፈ አይባልም፣ ተለየን አይባልም፣ አጣነውም አይባልም ትላለች፤ ቃሉ ሞተ ነው፤ ካሉት በኋላም ዝም ማለት ነው። እስከዳር ወንበሯን ታስጠጋለች፣ ቁመቷን ከቁመቴ ታስተካክላለች፣ ከባድ ነገር ልነግርዎ ነው ትላለች፤ ሁሉም ሸጋ ነው። ከዚያ «ፒተር…» ትልና ትቆማለች።

«ፒተር ምን?»

«ፒተር ትንሽ…»

«ትንሽ ምን? ትንሽ ይሞታል?»

«ትንሽ ደክሞታል» ትላለች፤ እንሥቃለን። አንድ ቀን እንዲህ ስንሥቅ ዓይኔን ወደ ጓዳው መጋረጃ ባደርግ፣ ከመጋረጃው ሥር የእትዬ ሸዋአየሁን ባዶ እግር አየሁ። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። እንግሊዝኛ አትችልም፤ ግን የመርዶን አነጋገር በየትኛው ቋንቋ ቢሆን ማን ይስተዋል? ከዚያ ወዲህ በተለማመድን ቁጥር እግሯ እዚያው ነበር። የሞተው ልጅ እናት ተብዬ እኔ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ እውነተኛዋ ከመጋረጃው ጀርባ ትቆማለች። በመካከላችን ያለችው ልጅ አታውቅም። ስንት ጊዜ ተነሥቼ ልሮጥ አሰኘኝ!

እስከዳር ወደ አዲስ አበባ በምትበርበት ቀን ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ተለማመድን። እንደ ወትሮው ቃሉ እምቢ አላት። ማልቀስ ጀመረች። «አልችልም፤ ወድቄ እመጣለሁ። ሰጠኝ እዚያው እሳት ውስጥ ይቀራል» አለች።

መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ ሸዋአየሁ እጇን በቀሚሷ እያበሰች ወጣች።

«ምኑ ነው ያቃታት?» አለችኝ።

«ልጅሽ ሞቷል ብለሽ ለእናት ፊት ለፊት ንገሪ ይሏታል።»

ትንሽ አሰበች። «ተነሽ ከዚያ» አለችኝ፤ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። «በይ ለእኔ ንገሪኝ። በአማርኛ። አማርኛውን አንዴ ካወጣሽው ፈረንጅኛው ይከተላል።»

«እምዬ! ሟርት ነው!»

«ሟርቱ በእኔ ላይ ይሁን። ንገሪኝ።»

እስከዳር እኔን አየች፤ እኔ ግድግዳውን አየሁ። እናቷ ይህን ያደረገችው ልትገልጥላት ብላ አልነበረም፤ ልትረዳት ነበር። ልጅቱ ፊቷን ጠርጋ ወንበሯን አስጠጋች። እንደ ደንቡ ቁመቷን ከእናቷ አስተካከለች። እንደ ደንቡም «እናቴ፣ የምነግርዎ ነገር ከባድ ነው» አለች። ትንፋሿን ሳበች።

«ልጅዎ ሞቷል።»

ወጣላት። ከዚያ እንደተማረችው ዝም አለች። ውጭ የባጃጅ ድምፅ አለፈ።

«አውቃለሁ» አለች እናቷ።

እስከዳር ፈገግ አለች። «እንደሱ አይደለም እምዬ። ‹ውሸት ነው፣ አላምንም› ነው የምትዪ።»

እትዬ ሸዋአየሁ ፊቷ አልተነቃነቀም። ልትለው ያልፈለገችው ቃል ነበር። ግን ከነሐሴ ጀምሮ ማንም እንዲያ ፊቷን አይቶ ልጅሽ ሞቷል ያላት አልነበረም፤ አያ ባዬም እንኳ ዞሮ ዞሮ ነበር የነገራት።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለች ደግማ። «ከፍልሰታ ጀምሮ አውቃለሁ።»

ፈገግታው እስከዳር ፊት ላይ ጥቂት ቆየ፤ የሚሄድበት አጣ። ወደ እኔ ዞረች። «ተክለ ሚካኤል…» አለች። አቀረቀርሁ። የጮኸችው ያን ጊዜ ነው፤ ማለት፣ ልትጮህ አፏን የከፈተችው። እናቷ ከወንበሩ ዘልላ አፏን በመዳፏ ያዘችው።

«እንዳትጮኺ! ጎረቤት ከሰማ ድንኳን ይተከላል፤ ሰው ይሞላል፤ ነገ አትሄጅም። ዋጪው! የወንድምሽ አምላክ ያውቃል፣ ዋጪው! ከነገ ወዲያ እናለቅሳለን።»

እስከዳር ተንፈራገጠች። እናቷ አልለቀቀችም። ሁለቱም ወለሉ ላይ ወደቁ፤ ልጅቱ ዓይኗ ፈጥጦ፣ እናት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ራሷም ከንፈሯን ነክሳ። ድምፅ የሚባል አልነበረም። እኔ በሩን ተደግፌ ቆምሁ፤ በመጨረሻ እስከዳር ጉሮሮዋን ዋጥ ስታደርግ አየሁ፤ እንደ መድኃኒት ዋጠችው። እናቷ እጇን አነሣች።

በማግስቱ በረረች። ከፈተናው ስትወጣ ደወለችልኝ። የደረሳት ካርድ የስኳር መድኃኒቱን አልውጥ ስላለ ሽማግሌ ነበር። ሞት የሚባል አልነበረበትም።

እትዬ ሸዋአየሁ ለእኔና ለልጇ አንድ ነገር አስጠነቀቀች፤ ቃሉ እንደፈረሰ አያ ባዬ እንዳይሰማ። መላ አገር የጠበቀውን ምስጢር እናት አፈረሰችው ከሚባል ሞት ይሻላል። ስለዚህ እስከዳር በተመለሰች ማግስት፣ ሲነጋጋ፣ አያ ባዬ ከሽማግሎች ጋር ከወገራ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ፣ እንደማታውቅ ሆና ከፈተች። ሴቶቹ ለልቅሶ ተዘጋጅተው ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር፤ እኔም አለሁ።

«እስከዳር ልጄ» አለ አያ ባዬ። «ሰጠኝን ትንሽ አሞት ነበር። ያው ቆላ…» ከዚያ ወዲያ አልቻለም።

እስከዳር ወንበር አቀረበችለት። ራሷም ከፊቱ ተቀመጠች፤ ቁመቷን ከቁመቱ አስተካከለች። «አያ ባዬ፣ ውሃ ላምጣልዎ?» አለችው። እጁን ያዘች። ከዚያ በረጋ፣ በለሰለሰ ድምፅ «ሰጠኝ ሞቷል» አለችው፤ ዝምም አለች። ፈታኝ ቢኖር ሙሉ ነጥብ ይሰጣት ነበር።

እትዬ ሸዋአየሁ እዬዬ ብላ ደረቷን መታች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ግቢው በጩኸት ተናወጠ። የእስከዳር ዓይን ግን ደረቅ ነበር። ድንኳኑ ተተከለ፣ ለቀስተኛ መጣ፣ ለቀስተኛ ሄደ፤ እሷ እንባ አልወጣትም። ሰው ሲያለቅስ ውሃ ታቀርባለች። «ገና ሳትሄድ ፈረንጅ ሆነች» አሉ አንዳንዶቹ። ሌሎቹም ፈሯት፤ ልጅ ያዘለች ሴት ከአጠገቧ አትቀመጥም ነበር። ለእኔ ብቻ ጉሮሮዋን በጣቷ እያሳየች፣ «እዚህ ጋ ቆሟል። የእምዬ እጅ እስካሁን አፌ ላይ ነው» አለችኝ።

ማለፏ ታወቀ፤ ፈቃዱን የሚያስጨርሳት ነገር ሁሉ ተራ በተራ ተከፈተላት። የሄደችው ከፋሲካ በኋላ ነው። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የውጭው በር ላይ እናቷና እኔ ሸኘናት፤ ከዚያ ወዲያ ሸኚ አያስገቡም። እናቷን ሳመች፣ እኔን ሳመች፣ ቦርሳዋን አነሣች፣ ጥቂት ተራመደች። ከዚያ ቦርሳው ከእጇ ወደቀ።

«ሰጠኝ!» አለች። «ወንድሜ! ሰጠኝ!»

ከዚያች ልጅ እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብዬ አላሰብሁም። አስፋልቱ ላይ ተደፋች፤ ፊቷን ቧጠጠች፤ እንደ አገሯ ሴት አለቀሰችው። ተጓዥ ሁሉ ቆመ፤ ማንም ግን አልደነገጠም፤ እዚያ በር ላይ የማያለቅስ የለም። በሩን የሚጠብቀው ወጣት ሮጦ መጥቶ ክንዷን ይዞ አነሣት፤ አቧራዋን አራገፈላት።

«አይዞሽ እህቴ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሆን። አንቺ ቀድመሽ ግቢ፤ ሰጠኝም ይከተልሻል።»

እትዬ ሸዋአየሁ ከአጥሩ ወዲህ ቆማ ሰምታው ነበር።

«የለም ልጄ» አለችው። «እሱስ እዚሁ ይቅርልኝ።»